የጠፋው አንድ ግሩፕ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለችው የሒሳብ ምርምር ቢሯችን ስደርስ ረፍዶብኝ ነበር። ኃላፊዬ ዶክተር አስቴር ግን ስለማርፈዴ ሳይሆን የመጣሁበት ታክሲ ስንት ሰው እንደሚጭን ጠየቁኝ። አሥራ ሁለት አልኳቸው።

“በል፣ ተሳፋሪዎቹ ቦታ ይቀያየሩ” አሉኝ።

ሥራውን ያስረዱኝ በዚህ ነው። ግሩፕ ማለት የቦታ ቅያሪዎች ስብስብ ነው፤ ከውስጡ ማናቸውንም ሁለት ቅያሪዎች አከታትለህ ብትሠራ ውጤቱም እዚያው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ማንኛውንም ተሳፋሪ ወደ ማንኛውም ወንበር የሚያደርስ ከሆነ ትራንዚቲቭ ይባላል። በአሥራ ሁለት ወንበር ላይ እንዲህ ያሉ ግሩፖች ስንት ዓይነት እንዳሉ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሦስት መቶ አንድ ናቸው። እሳቸው የፈለጉት በሌላ መንገድ፣ ከዜሮ ተነስተን በኮምፒውተር እንድናረጋግጠው ነበር።

ወራት ፈጀብኝ። የሚያስቸግረው ግሩፖቹን ማግኘት ሳይሆን የተደጋገመውን መለየት ነው። ልዩነታቸው የወንበሮቹ ቁጥር አሰጣጥ ብቻ ከሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ይህን መፈተሽ ማሽኑን በጣም ያዘገየዋል።

አንድ ሰኞ ፕሮግራሙ ሦስት መቶ ብሎ ቆመ። የዓለም ሰው የሚጠቀምበት ዝርዝር ተሳስቷል፣ አንዱን ግሩፕ ሁለት ጊዜ ቆጥሯል ብዬ ቢሯቸው ገባሁ። የተደገመው የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። ፕሮግራሙ የሚጥለውን አይመዘግብም ነበርና አላውቅም አልኳቸው፤ ከታወቀው ዝርዝር ጋር ማመሳከሩንም ገና አልጀመርንም ነበር።

“እርግጠኛ ነህ፣ ከማል?”

“ነኝ።”

ሐሙስ ከሌላ ተቋም ለሚመጡ እንግዶች በማቀርበው ገለጻ ውስጥ እንዳስገባው ፈቀዱልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ታክሲው መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆሞ ሳለ ፕሮግራሙ ውስጥ የጻፍኩት አንድ መስመር ትዝ አለኝ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ፣ የሁለት ግሩፖች መጠን፣ የቅያሪዎቻቸው ዓይነትና ሌሎች ጥቂት ምልክቶች ከተመሳሰሉ ፕሮግራሙ ሳይፈትሽ አንዱን እንዲጥል አዝዤው ነበር። ለጊዜው ብዬ የጻፍኩትን ረስቼው ነበር። ከታክሲው ወርጄ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

መስመሩን አውጥቼ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት። ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ሦስት መቶ አንድ አለ። የዶክተር አስቴርን በር አንኳኳሁ።

“ዶክተር፣ ስህተቱ የእኔ ነው። የተለያዩ ሁለት ግሩፖችን አንድ ናቸው ብዬ አንዱን ጥዬዋለሁ።”

“አሁን ስንት ሆነ?”

“ሦስት መቶ አንድ።”

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “ተመስገን” አሉ፤ “ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።”

ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

“ስህተቱን ላገኘው አልቻልኩም። ማስረጃ ሳልይዝ ተሳስተሃል ልልህ አልፈለግኩም።”

እኔ መሳቅ ጀመርኩ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ሐሙስ ሦስት መቶ አንድ መሆኑን ተናገርኩ፤ አንዱን እንዴት እንዳጠፋሁትም አልደበቅኩም። እንግዶቹ ብዙ የጠየቁኝ ስለዚያች መስመር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቼ የሚጥሉትን ሁሉ ይመዘግባሉ። ከታወቀው የተለየ መልስ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምፈትሸው የራሴን ሥራ ነው።