እጅ የነካት ቡችላ

የመንደሩ ሰው ደረቁ ይለው ነበር፤ በሌለበት ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱም። እሱም ቅጽል ስሙን ወዶት ይኖር ነበር። ሥራው የበግ ጠባቂ ውሻ ማርባት ነው፤ የአባቱም የአያቱም ሥራ ይኸው ነበር። እናቲቱ ውሻ ስታረጅ ሴት ልጇን እየተኩ፣ ከአንድ ዘር ሳይወጡ ሴቷን ለራሳቸው አስቀርተው ወንዶቹን ለጎረቤት እየሰጡ ጠባቂ ሲያወጡ ኖረዋል። የደረቁን ውሻ የያዘ በግ አርቢ እንቅልፉን ለጥጦ ያድራል ይባል ነበር።

ሙያው ሁሉ የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው፤ ቡችላን የሰው እጅ አይንካው። ውሻዪቱ የምትወልደው ጉሮኖ ውስጥ፣ በጎቹ መሀል ነው። ቡችሎቹ ዐይናቸውን ሲገልጡ የሚያዩት በግ፣ የሚያሸቱት በግ፣ ተደግፈውት የሚተኙትም በግ ነው። ምግባቸው በረጅም እንጨት ይገፋላቸዋል። ማንሳት የግድ ሲሆን ደረቁ እጁን በበግ ለምድ ጠቅልሎ ያነሳቸዋል። «የሰው እጅ የለመደ ውሻ ሰው ይወዳል፤ ሰው የወደደ ደግሞ በጉን ጥሎ ደጃፍ ይተኛል» ይል ነበር። ሰውየው ደረቅ ይሁን እንጂ ነገሩ ልክ ነው።

ሚስቱ ሕጉን ስታከብር አንጀቷ እያረረ ነበር። ሙሽራ ሆና በመጣች ሰሞን አንዱን ድብልብል ቡችላ ልታነሳ ስታጎነብስ ክንዷን ይዞ መለሳት፤ ሳምንት አኮረፈችው። ኋላም ሴት ልጃቸው ነፍስ ሳታውቅ አጥሩ ሥር ተቀምጣ «አንዴ ብቻ፣ አባባ፣ አንዴ» እያለች ስታለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ሚስቱ «አንተ እኮ እኔንም በለምድ ጠቅልለህ ነው ያገባኸኝ» እያለች ትቀልድበታለች። እሱ አይስቅም፤ ጢሙ ሥር ግን የሆነ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር።

ልጅቷ ተድራ ሄደች፤ ሁለቱ አረጁ፤ ውሻዪቱም አብራቸው አረጀች። ደረቁ ሳንባውን ታሞ አልጋ ሲይዝ፣ ጉሮኖው እንዲታየው አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችለት። በዚያው ሰሞን አሮጊቷ ውሻ ወለደች። ወንዶቹ ሞተው ወጡ፤ የተረፈችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከዚህ በኋላ እንደማትወልድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሚስትየው ምግቡን በእንጨት ስትገፋ፣ እሱ በመስኮት እያሳለ «ራቅ በይ፣ ልብስሽ እንዳይነካት» ይላታል። አልጋ ይዞም ከአፉ አላረፈችም።

አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ሾርባውን ይዛለት ስትገባ «ስሚ፣ እስቲ ቡችላዋን አምጪልኝ» አላት።

«ምን አልክ?»

«አምጪያት። ያለ ለምድ።»

ግንባሩን ዳሰሰችው። «ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥርህ? ሌላ ሴት እኮ የለችም። ይቺ ከተበላሸች ዘሩ አበቃ። በጎቹን ምን ሊጠብቃቸው ነው?»

«አውቃለሁ» አለ። ትንሽ ካሳለ በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ አርብቼ፣ የቡችላ ጸጉር ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

ሚስትየው ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። የምትበላው፣ የምትለብሰው፣ ነገ እሱ ሲያልፍ ብቻዋን የምትኖርበት ሁሉ በእነዚያ በጎች ላይ ነው። እምቢ ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ እሱ ራሱ ያስተማራት እምቢታ ነው። ግን ያ የማይፈታ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ሲጠብቅ ስታየው ሆዷ አልቻለም። ወጣች፤ ቡችላዋን በሽርጧ አቅፋ አምጥታ ደረቱ ላይ አኖረችለት።

በጣቱ ከጆሮዋ ጀርባ ቀስ አድርጎ ነካካት። «ለካ ለስላሳ ነው» አለ። ቡችላዋ ብብቱ ሥር ገብታ ተኛች። ሚስትየው ደስ አላት፤ ተናደደችም። ሴት ልጁን የነፈጋትን አሁን ለራሱ ፈቀደ። በማግስቱም አምጪያት አለ፤ በሦስተኛውም። እስኪሞት ድረስ ስታመጣና ስትመልስ ሰነበተች። ስትመልሳት ቡችላዋ ታለቅስ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ቡችላዋን ወደ በጎቹ ለመመለስ ያልሞከረችው የለም። ጉሮኖው ውስጥ ዘጋችባት፤ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ምሳ ወጣች። ከበጎቹ ጋር አሰረቻት፤ ገመዱን በጠሰች። በወጣች ቁጥር የምትገባው ደረቁ የሞተበት አልጋ ሥር ነው። አሮጊቷ ውሻ እስካለች ድረስ በጎቹ ጠባቂ ነበራቸው። እሷም ክረምቱን ሳትዘልቅ ሞተች። ከዚያማ አውሬ መንገዱን ለመደው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይቺ ግን ከሄደም በኋላ አልጮኸችም። ሚስትየው ጠዋት ጠዋት እየወጣች የተበላውን ትቀብር ጀመር።

በመጨረሻ የቀሩትን በጎች ለጎረቤት በግ አርቢ ለመሸጥ ቆረጠች። ሰውየው መጥቶ የጉሮኖውን በር ሲከፍት «ቆይ እስቲ፣ ትንሽ» አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። የዚያ ዘር ውሻ አንድ በግ እንኳ ባዕድ ሲነዳበት ዝም ብሎ አያውቅም። ይቺም አንዴ ብትጮህ፣ በጎቹን መልስ ልትለው ነበር። ውሻዋ ከቤት ወጣች፤ ተንጠራራች፤ በጎቹን አየቻቸው፤ ተመልሳ ገባች።

«ንዳቸው» አለችው።

ሰውየው በሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «የጋሽ ደረቁ ዘር ናት ይቺ? እንዴት እንዲህ ሆነች፣ እትዬ?»

«እኔ ነኝ እጅ ያስለመድኳት» አለች። «እሱ ከሞተ በኋላ። ብቸኝነቱ አላስቻለኝም።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል። ይህን ሳያይ መሞቱ ደግ ሆነ» አለና በጎቹን ነዳ።

«አዎ፣ ደግ ሆነ» አለች፤ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ አጥሩን ይዛ ቆመች።