ፀጥ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለሆስፒታል የቀረበ

የአንዲት አሮጊት ዊልቸር እየገፋሁ ነበር። ሥራዬ ነው፤ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የሚያቅተውን መንገደኛ እስከ አውሮፕላኑ በር አደርሳለሁ። በዚያው ሰሞን ሆዴን አሞኝ ተሽሎኝ ነበር። ከዚያ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ጫማው ነው ብዬ ጫማ ቀየርኩ። ያን ቀን ግን መሳፈሪያው በር ጋ ደርሰን ሴትዮዋ አመስግናኝ ስትነሳ፣ ወንበሩን መልቀቅ አቃተኝ። ለካ ያን ሁሉ መንገድ ወንበሩ ነው ደግፎኝ የመጣው። ለቀቅኩት። ጉልበቴ ታጠፈ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልነሳ ሞከርኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ፈራሁ።

ይህን የምጽፈው ይኸው በሽታ ለያዛችሁ ወይም ቤታችሁ ለገባባችሁ ነው። ብዙ አልተማርኩም፤ አጻጻፌን እለፉኝ። በሽታው ጊያን ባሬ ሲንድረም ይባላል። ኒውሮሎጂስቱ፣ ማለቴ የነርቭ ሐኪሙ፣ ከወገቤ ፈሳሽ አስወስዶ ካየ በኋላ የነገረኝን ልጄ ሜሮን እንዲህ ብላ አስተረጎመችልኝ፦ «የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ የራስሽን ነርቭ እያጠቃ ነው። ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። መተንፈሻሽ ጋ እንዳይደርስ እንከታተላለን።»

ወጣ። መጀመሪያ ጭኔ። ከዚያ እጄ። ማንኪያ ከጣቴ ወደቀ። ግማሽ ፊቴ አልንቀሳቀስ አለ። ነርሷ ቱቦ ታስነፋኛለች፣ ትንፋሼን ለመለካት። ከቁጥሩ ይልቅ የእሷን ፊት ነው የማየው። አይ ሲ ዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አስገቡኝ። አይ ቪ አይ ጂ የሚሉትን መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ሜሮን ላለማልቀስ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቷ የለም፤ ያለኋት እኔ ነኝ። ይቺን ልጅ ለማን ትቼ ነው የምሄደው? ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መተንፈሻዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ወራት በፊዚካል ቴራፒ አለፉ፤ እንደ ሕፃን መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ በዎከር፣ በሁለት እጅ ተይዞ በሚገፋው መደገፊያ፣ መራመድ ተማርኩና ጋርላንድ ከተማ ያለው አፓርትመንቴ ተመለስኩ። ሰው ግን አልተወኝም፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሥራ፣ የድሮ ጎረቤቶቼ ከቀድሞ ሰፈሬ ከቪከሪ ሜዶ፣ ራቅ ካለው ከሜስኪት ሳይቀር ሥራ ውለው፣ ደክሟቸው፣ ድስት ይዘው ይመጡ ነበር። እግዜር ይስጣቸው። እኔ ደግሞ ሰው ሲገባ ተቀምጬ መቀበል አልችልበትም። ሐሳቤ ሳይወስን እጄ ሶፋውን ይገፋና ቆሜ እገኛለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተክሌ መጡ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው። በሩ ሲከፈት ብድግ አልኩ። ዎከሩን አልያዝኩም።

«ኧረ በማርያም አትነሽ!» አሉ።

ተናግረው ሳይጨርሱ ወድቄ ነበር። ጭንቅላቴ ጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ ነው ያረፈው። የእጄ አንጓ ተሰነጠቀ። ጋሽ ተክሌ «እኔ ገደልኳት» እያሉ ከዘራቸውን ጥለው ሊያነሱኝ ጎንበስ ሲሉ፣ እሳቸውም እንዳይወድቁ ሜሮን ደግፋ ያዘቻቸው።

የነርቭ ሐኪሙ እንዴት እንደወደቅኩ ጠየቀኝ። ሰው ገባና ተነሳሁ አልኩት። አልገባውም። ሜሮን ብዙ አስረዳችው። ሰምቶ ሲጨርስ «ድካሙ ከሁሉ ዘግይቶ ነው የሚለቀው» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየተነሳሽ ነው። ለጥቂት ቀን ማንም የማያውቅሽ ቦታ ሂጂና እረፊ።»

የሚወዱኝን ሰዎች ሽሺ የተባልኩ መሰለኝ። 

ታናሽ እህቴ ዘውዴ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ትኖራለች። ይህን ስትሰማ ወዲያው ደወለች።

«እትዬ፣ ነይ! እኔ ቤት ግን አይሆንም። መኝታውም ሽንት ቤቱም ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ለድመት የተሠራ ነው የሚመስለው። ደግሞ መምጣትሽን ከሰሙ የበርሚንግሃም ሀበሻ በሙሉ ነው ሊጠይቅሽ የሚሰለፈው። የባሕር ዳርቻ ቤት እንከራይ። አንቺና እኔ ብቻ።»

ምርጫው እንዲህ ያስጨንቃል አላልኩም። ዘውዴ ሥዕል የመሰሉ ቤቶች ትልካለች፤ ከገደል ሥር ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ አረግ የለበሰ የድንጋይ ቤት። ሜሮን ኮምፒውተሯ ላይ ትከፍትልኛለች። እኔ በሩን ነው የማየው።

«ማሚ፣ ሶ ይሄኛው በጣም ቆንጆ ነው። ቪው አለው!»

«እይታው እግሬን አያሻግርልኝም። ገላ መታጠቢያው ገንዳ ነው፤ አየሽው ከፍታውን?»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ኮል አደርጋለሁ።»

ደወለች። የቤቱ ባለቤት «ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያለው» አሏት። ደግ ሰው ናቸው፤ «ብቻ» የሚሆነው ግን ለእሳቸው ነው። ለእኔ ሁለት ደረጃ ሁለት መውደቂያ ነው። ተውነው። አንዱ ደረጃ የለውም፣ ግን ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ጠጠር ነው፤ ዎከር ጠጠር ላይ አይሄድም። እሱንም ተውነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ፀጥ ያለ ቦታ ማለት ከሐኪም የራቀ ቦታ ነው። ፀጥታው በጨመረ ቁጥር እኔ እፈራለሁ። አንድ ቀን ሁሉ ነገር የተሟላለት ቤት ተገኘ፣ ሜዳ መሃል። ሆስፒታሉስ ስል ጠየቅኩ። ዘውዴ ሳቀች።

«እትዬ፣ ልታርፊ ነው ልትታከሚ የምትመጪው?»

«ሳልፈራ ካልተኛሁ ምኑን አረፍኩት?»

ሳቋ ቆመ። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ሆስፒታል አጠገቡ ያለ እፈልጋለሁ።»

ዌልስ በሚባለው የአገሩ ክፍል፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ አገኘች። ስሟን እስካሁን በትክክል መጥራት አልችልም። መንገዷ ለጥ ያለ፣ ቤቱ ከአስፋልቱ እኩል፣ መታጠቢያው ወለሉ ላይ፣ መቀመጫም ያለው፤ ሆስፒታሉ ቅርብ። እሺ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ቀርቻለሁ ልል ስንት ጊዜ ስልክ አነሳሁ። ሐኪሙ «በሽታው ተመልሶ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው» ብሎኝ ነበር። «ግን ድካሙ ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረሽ፣ ጊዜ አታጥፊ።» በእኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው «ግን» ከሚለው ወዲያ ያለው ነው።

የጉዞው ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ላይ ተቀመጥኩ። የገፋችኝ የሥራ ባልደረባዬ አስቴር ናት።

«እት አበባ፣ ዛሬ እንኳ ቲፕ ካንቺ ነው!»

«አገፋፍሽን አይቼ ነዋ! እስካሁን ግድግዳ ነው ያስነካሽኝ።»

ሳቅን። 

በረራው ረጅም ነው። እግሬን እንደተነገረኝ አንቀሳቀስኩ። ለንደን ዘውዴ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ በመኪና ግማሽ ቀን ተጓዝን። ከተማዋ ደርሰን የመኪናውን በር ከፈትኩ። እግሬን አወጣሁ። መሬቱ አልተሰማኝም። ልቆም ሞከርኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እጄን ነዘረኝ።

«ዘውዴ። መጣ።»

«ማን መጣ?»

«በሽታው።»

እግሬን አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችና መኪናውን አዞረች። ሆስፒታሉ ጋ ወዲያው ደረስን።

ወጣት ሐኪም ናት ያየችኝ። በእግሬ መዳፏን አስገፋችኝ። ክንዴን አስነሳችኝ። ውሃ አስዋጠችኝ። ቱቦ አስነፋችኝ። ታሪኬን ሁሉ ጠየቀች። ቆየት ብላ ተመልሳ ሁሉንም እንደገና አሠራችኝ። እኔ አፏን አፏን አያለሁ። የምትለውን ዘውዴ ታስተረጉምልኛለች።

«ኃይልሽ አለ» አለችኝ ሐኪሟ። «ወደ ላይ የወጣ ነገር የለም። የተጎዳ ነርቭ፣ ረጅም መንገድ ተቀምጠሽ ሲደክምሽ፣ እንዲህ ያደርጋል። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ከባሰብሽ በማንኛውም ሰዓት ነይ፤ ቅርብ ነሽ።»

ቅርብ ነሽ። ይህን ቃል ስሰማ ነው ያለቀስኩት።

እናንተ ይህ በሽታ ያገኛችሁ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። ጣታችሁ ደንዝዞ ወደ ላይ ሲወጣ ጫማ አትቀይሩ፣ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ተሽሏችሁ ዕረፍት ስትወጡ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ስለ በሩ፣ ስለ መታጠቢያው፣ ስለ መንገዱ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ፎቶ ላኩልኝ በሉ። ሲሳቅባችሁም ሆስፒታሉ የት እንደሆነ ከማወቅ ወደኋላ አትበሉ። ረጅም መንገድ በአንድ ቀን አትጨርሱ፤ እኛ ለንደን ማደር ነበረብን። ጠያቂ ሲመጣ ለመቀመጥ ፈቃድ ለምኑ፤ የሚወዳችሁ ሰው አይቀየምም። ቱቦ ላስነፉኝ ነርሶች፣ ለሐኪሞቼ፣ ድስት ተሸክመው ለመጡት፣ ለጋሽ ተክሌ፣ መኪናውን ላዞረችው እህቴ ምስጋናዬ አያልቅም። ከሁሉ በላይ ለፈጣሪ።

በማግስቱ እግሬ ሞቀ፤ መሬቱም ይሰማኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ከዘውዴ ጋር በዎከሬ ወጣሁና ባሕሩን ተከትሎ በሚሄደው ለጥ ያለ መንገድ፣ እንደኔው በዎከር በሚሄዱ ሽማግሌዎች መሃል፣ ወንበር በተገኘ ቁጥር እያረፍኩ፣ ማንም ሳያየኝና ማንም ሳያስቸኩለኝ ሄድኩ። ሜሮን ደወለች።

«ማሚ፣ አሁንም ፈርተሻል?»

«ትናንት ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ዛሬ አልፈራሁም። ደርሻለሁ፤ ደህና ነኝ።»