ለቀስተኛ የማይጠብቅ ፒካፕ

ሐርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከሼክ መሀድ ቀጥሎ የሚጠራው ኤልሚ ነበር። ልጅነቱን በስደት ጅግጅጋ አሳልፎ፣ እዚያው ተምሮ ሐርጌሳ የገባ ሰው ነው። አባቱ ከስደት መልስ የገዙትን አሮጌ ፒካፕ ወርሷል። በአዘቦት ቀን የውሃ በርሜል ይጭንበታል፤ ጀናዛ ሲኖር ደግሞ ያለ ክፍያ ቃሬዛ። መኪናው በአንደኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ ከኋላ የሚከተሉት ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች እንኳ ይደርሱበት ነበር። ሰፈሩ ለኤልሚ የሰጠው ክብር ይህ ብቻ ነው።

አምና የጋአን ሊባህ ሰፈር ነጋዴዎችን ከፍ ከፍ ያሉ መኪኖች ሲያይ ከረመና ትልልቅ ጎማ ከነቸርኬው ገዛ። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ጋራዥ ያለው የድሬዳዋ ልጅ ካሚል፣ ጎማው ከተለቀ የዲፈረንሻሉ ጥርስ አብሮ መለወጥ እንዳለበት፣ አለዚያ መኪናው ቀስ ብሎ መሄድ እንደማይችል ነገረው።

«ጥርሱ ይታያል?» አለ ኤልሚ።

«ከሆድ ውስጥ ነው አቦ፣ ማን ያየዋል?»

«ታዲያ ማንም ለማያየው ነገር ምን አደከመኝ?»

ጎማው ተገጠመ። ጫት ቤቱ ደጃፍ የሚውሉት፣ አንዳቸውም መኪና የሌላቸው አማካሪዎች፣ አሁን ገና መኪና ሆነ ብለው መሰከሩ። ሚስቱ ዴቆ ብቻ የጭነት ሳጥኑ ደረቷ ድረስ መድረሱን አይታ፣ ቃሬዛውን ማን ሊያወጣው ነው ስትል ጠየቀች። ዴቆ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ተባለ።

በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜ ናጂብ ሞተ። በሕይወቱ ለማንም ብሎ እርምጃውን ያላፈጠነ ሰው ነበር። ቃሬዛውን ለስምንት አወጣነው፤ ሁለታችን ድንጋይ ላይ ቆመን። ኤልሚ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናው ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ተነሣና ናጂብን ይዞ ሄደ። ቢቆም እንደገና እንዳይጠፋበት ፈርቶ አልቆመም። ለቀስተኛው መጀመሪያ ፈጠን አለ፤ ቀጥሎ ሽርጡን ሰብስቦ ሮጠ።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ኤልሚ ከመኪናው ጎን ብቻውን ቆሟል። ሼክ መሀድ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ኤልሚ፣ ሟቹ አልቸኮለም። አንተ የት ልትደርስ ነው?»

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሁለት ሰው ሞተ፤ ሁለቱም በትከሻ ሄዱ። ኤልሚን የጠራው የለም። አማካሪዎቹም ነገሩን ቀድመው ያወቁት እነሱ እንደነበሩ ማውራት ጀመሩ።

አንድ ቀን ኤልሚ ካሚል ዘንድ ሄደና፣ የጋራዡ ሰዎች እንዳይሰሙት በአማርኛ፣ ያን የማይታየውን ነገር እንዲለውጥለት ለመነው። ካሚል ለወጠለት፤ አልሳቀበትም። ዴቆ ከሳጥኑ ኋላ የብረት መወጣጫ አስበየደች።

በማግስቱ ጠዋት ኤልሚ ደጄ መጥቶ ቆመ። ከመኪናው አልወረደም።

«እስቲ ከኋላዬ ተራመድ» አለኝ።

ባዶውን ፒካፕ ተከትዬ እስከ ናጂብ መቃብር ሄድኩ። አልቀደመኝም።