የፓንያንግ ጲላጦስ

ፓንያንግ ማንበብ አትችልም፤ መጽሐፍ ቢሰጧት ትኩሳት ያለው ሰው ታራግብበታለች እንጂ አትገልጠውም። ነገር ግን በሰሙነ ሕማማት የጌታ መከራ በአገሩ ቋንቋ በታጋሎግ ሲዜም፣ በፓቴሮስ ከተማ ከወንዙ ዳር እስከ ደብሩ በር የሚስተካከላት አልነበረም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጫጩት የቋጠረ የዳክዬ እንቁላል ቀቅላ እየሸጠች ነው የምትኖረው፤ ጉሮሮዋ በገበያ ጩኸት ተስሏል። ምላሷም እንደዚያው።

የከተማው ጌታ ስፔናዊው መነኩሴ አባ ሴልሶ ነበሩ። ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር ሲኖሩ ከቋንቋችን የለመዱት የምግብ ስም ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ወጣቶቹ በታጋሎግ የደረሱትን ቴአትር ለማሳየት ፈቃድ ቢጠይቁ፣ አባ ሴልሶ ከስብከቱ መሃል፣ «ይህ ቋንቋ ዳክዬ ከመጥራት በቀር ለምንም አይረባም» አሉ። የተረጎመው ካኑቶ ነበር። ካኑቶ የደብሩ ቁልፍ ያዥ ነው፤ ስፓኒሽ ያውቃል፤ ማወቁንም ያልነገረው ሰው የለም።

«ዳክዬ መጥራት አሉ?» አለች ፓንያንግ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ። «እንግዲህ እንጠራዋለና!»

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አባ ሴልሶ በክብር ወንበር ተቀምጠው፣ የሩዝ ቂጣቸውን እየጎረሱ ዜማውን ያደምጣሉ። ፓንያንግ ጲላጦስ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምጿን አለስልሳ፣ በማንም መጽሐፍ የሌለውን አወረደችው፦

ጲላጦስ ታጠበ እጁን በብር ሳህን፣
የዳክዬው ስብ ግን አልለቅ አለ ጢሙን፤
ባሕሩን ተሻግሮ መጣና ሊዳኘን፣
ሃያ ዓመት ከርሞ አያውቅም ቋንቋችን፤
ሲሰደብ ያዜማል ራስ ነቅንቆ አብሮን።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ነከሱ። አንድ ሽማግሌ ሳል የያዘው መስሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። አባ ሴልሶ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «እንዴት ያለ እምነት ነው!» አሉ፤ ጢማቸውንም ጠረጉ።

ካኑቶ ግን ነገሩን ሆዱ ውስጥ ማሳደር አልቻለም። ቅዳሜ ጠዋት ፓንያንግ ተጠራች።

«ሰድበሽኛል አሉ» አሉ አባ ሴልሶ በካኑቶ አፍ።

«እኔ? መሃይሟ? እናቴ ያስተማረችኝን ነው ያዜምኩት፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እዚሁ አዚሚው። አንተ ደግሞ ቃል በቃል ንገረኝ።»

ፓንያንግ የመጀመሪያውን ስንኝ ለቀቀችው። ካኑቶ አፉን ከፈተና ገና አሁን ገባው፦ ስድቡን የሚናገረው በገዛ ምላሱ፣ በመነኩሴው ፊት፣ ያውም በጥሩ ስፓኒሽ ነው! ላቡ ጆሮው ስር ወረደ።

«ጲላጦስ... በጣም ንጹሕ ሰው ነበር ይላል፣ አባ።»

«ዳክዬ የሚል ሰምቻለሁ።»

«እርግብ ለማለት ነው፣ አባ። መንፈስ ቅዱስን። አገሩ ድሃ ስለሆነ...»

«ቀጥል!»

«ባሕር ተሻግሮ የመጣ ትልቅ ዳኛ አለ፤ ሕዝቡ... ሕዝቡ አብሮት ያዜማል።»

ፓንያንግ ጎንበስ ብላ፣ «በርታ ልጄ፣ ደርሰሃል» አለችው በታጋሎግ።

አባ ሴልሶ ተነሡ። «ታዲያ ስድቡ የቱ ጋ ነው? በዚህ በተቀደሰ ሰሞን ምስኪን ባልቴት ታሳጣለህ?» አሉና በጥፊ አጮሉት። ቁልፉንም እዚያው ነጠቁት። ለፓንያንግ፣ «ለከርሞ ደብሩ በር ላይ ታዜሚዋለሽ» ብለው መረቋት።

ካኑቶን አገር ወዳድ ያደረገው ያ ጥፊ ነው። ሌላው መጽሐፍ አንብቦ፣ ማኒላ ተምሮ የሚደርስበትን እሱ በአንድ ጉንጩ ደረሰበት። በሳምንቱ ወረቀትና ቀለም ይዞ ፓንያንግ ደጃፍ ቆመ።

«እማማ፣ ግጥሙን ንገሪኝ፤ ልጻፈው።»

«ምነው፣ ተርጉመኸው የለ እንዴ?»

«በእናትሽ አትቀልጂብኝ።»

እሷ እንቁላሏን እየቀቀለች ነገረችው፤ እሱ ጽፎ በጀልባ በየከተማው አዞረው። በዓመቱ በየቤቱ ሲዜም ጲላጦስ ወፈረ፤ አንዱ ሪዝ፣ ሌላው ሦስት አገጭ ጨመረለት።

አባ ሴልሶን የተኩት ወጣት መነኩሴ ግን፣ ክፉ ዕድል ሆኖ፣ ታጋሎግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ፓንያንግን ጠበንጃ ያዦች ወስደው ሁለት ወር አሰሯት። እርጥቡ ወህኒ ድምጿን በላው፤ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር ነበር የምታንቋርረው። ያን ቀን ብቻ፣ ጎረቤት ሳያያት፣ ዳክዬዎቿ መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ጠዋት ገበያ ወጣች።

በስፔናውያን ላይ አብዮቱ ሲፈነዳ ካኑቶ ቦሎ የሚሉትን ቆንጨራ ታጥቆ ዘመተ፤ በሰላም ተመልሶም ግጥሙን እኔ ነኝ የደረስኩት እያለ ይምል ጀመር። ሰዎች ለፓንያንግ ቢነግሯት፣ በሻከረ ድምጿ ሳቀች።

«ይውሰደው» አለች። «እኔ ያዜምኩት ነው፤ እሱ የተመታበት። ግማሹ ይገባዋል።»