ከበሩ ኋላ የቆመው የሙሉቀን መቋሚያ

መሞቱን አላመንሁም። ዛሬ ጠዋት ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደወለልኝ ሰው ሦስት ጊዜ መልሼ ደወልሁ። በሦስተኛው፣ «የኔታ፣ አሁንም ያው ነው። መምህር ሙሉቀን ዐርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ አልተቀመጥሁም። ዳዊቴን እከፍታለሁ፣ ሳልጨርስ እዘጋለሁ። ወደ ደጅ እወጣለሁ፣ የወጣሁበትን ረስቼ እመለሳለሁ። ይህንም የምጽፍላችሁ ቆሜ ነው። ከበሩ ኋላ አንድ መቋሚያ አለ፤ የእኔ አይደለም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዛሬ ወጣቱ «ኤሮቢክስ» እያለ በየአዳራሹ በሙዚቃ የሚሠራውን ስፖርት፣ ሙሉቀን በደርግ ዘመን በዚህ በእኛ አገር እንጀራው አድርጎት ኖሯል። ያን ጊዜ ሥራው ስም እንኳ አልነበረውም። ሰው «ያ የሚያስዘልለው» ይለው ነበር።

አስቀድሞ ግን ንፋስ መውጫ ላይ የእኔ የአቋቋም ተማሪ ነበር። በማኅሌት መቋሚያ ይዞ ከዜማው ጋር እየተወዛወዘ ሲዘምም እግሩና ትንፋሹ አይለያዩም። ጀማሪ ሁሉ እንቅስቃሴውን እቆጥራለሁ ሲል ትንፋሹን ይይዛልና «ትንፋሽህን አትቅበር» እላለሁ። ይህችን ቃል ከሁሉ ቀድሞ የያዘ እርሱ ነው።

የከተማችን ወጣቶች ማኅበር የማለዳ ስፖርት የሚያሠራ ሰው ሲፈልግ ሙሉቀንን ጠራው። እነርሱ የፈለጉት ወታደራዊ ሰልፍ ነበር፤ እርሱ ከበሮ ይዞ ሄደ። ወንዶቹ መጡለት። እርሱ ግን ያሰበው ወፍጮና እንስራ ወገባቸውን ላጎበጣቸው ሴቶች ነበር። ሴቶቹም፣ «የኔታ ኃጢአት አይደለም ካሉ እንመጣለን» አሉት።

ወደ እኔ መጣ።

«የኔታ፣ አንዲት ቃል ፈልጌ ነው።»

«ምን ዓይነት ቃል?»

«አልተከለከለም የምትል። እርስዎ ካሏት ሥራ አለኝ። ካላሏት የለኝም።»

«መጀመሪያ ልየው» አልሁት።

በማግሥቱ ማለዳ ስፖርቱን ወደሚያሠራበት የትምህርት ቤት ሜዳ ወረድሁ። ጥቂት ሴቶች ቃሌን ሳይጠብቁ መጥተው፣ የመጥረጊያ እጀታና በትር ይዘው ከኋላ ተሰልፈዋል። ሙሉቀን ከፊት ሆኖ መቋሚያውን ያነሣል፣ ያወርዳል፤ እነርሱም እንደ እርሱ ያደርጋሉ። ለማኅሌት ያስተማርሁት ዝማሜ ነበር፣ ፈጠን ብሎ። በዚያ ላይ «ትንፋሻችሁን አትቅበሩ» ሲል ሰማሁት።

ደሜ ፈላ። የቤተ መቅደሱን አውጥቶ ሜዳ ላይ በተነው አልሁ። መካከላቸው ገብቼ መቋሚያውን ከእጁ ወሰድሁበት። እርሱም ከበሮ መቺውን በእጁ አስቆመና፣ እጅ ነሥቶኝ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «በሉ እንግባ እናንተ። የእኛም ወገብ ይመም፣ የኔታም ደስ ይበላቸው» አለች።

በማግሥቱ ወደ ሜዳው የመጣ ሰው የለም። ሙሉቀንም በዚያው ሳምንት ወደ እስቴ ሄደ።

በዚያው ወራት ለተማሪዎቼ፣ በታቦት ፊት የዘለለውን ንጉሥና በመስኮት አይታ የናቀችውን ሚስቱን ነገር እተረጉም ነበር። መስኮቱ ላይ የቆምሁት እኔ መሆኔን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

መካነ ኢየሱስ ላይ በባዶ እጁ እንደገና ጀመረ። ሲጠሩትም በእግሩ እስከ ስማዳ ይሄድ ነበር። ቆይቶ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ አድርጎ ቀጠረው፤ ወገባቸውን የታመሙ ሴቶችንም ከጤና ጣቢያ ይልኩለት ጀመር። ካድሬዎቹ በየመካከሉ መፈክር ይሰማ ሲሉት፣ መፈክሩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርስና ወደ ቆጠራው ይመለሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደርግ ሳይወድቅ፣ እዚያው መካነ ኢየሱስ ለንግሥ ተጠርቼ ሄጄ፣ ስመለስ የደብረ ታቦርን አውቶቡስ ስጠብቅ ከበሮ ሰማሁ። እግሬ ወሰደኝ። በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሆኜ ስመለከት አንዲት ላብ ያጠመቃት ባልቴት አየችኝ።

«አባቴ፣ ይግቡ እንጂ። ወይስ ጉልበትዎ ለማኅሌት ብቻ ነው?»

ሙሉቀን ዘወር አለ። ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። በድዬሃለሁ ልለው አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ «ግራ እግራቸው ይዘገያል» አልሁት።

ሳቀ። «ሰማችሁ? የኔታ አርመውናል» ብሎ ወደ እነርሱ ዞረና ከግራ አስጀመራቸው። በመታረሙ እንዲያ ሲደሰት ያየሁት ሰው የለም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሌላ ቀን ያለ መስሎኝ ሄድሁ።

መቋሚያውን በሰው እጅ ብልክለት ይደርሰው ነበር። ያለ ቃሌ ባዶ እንጨት አይድረሰው፣ እኔው አደርሰዋለሁ እያልሁ በየፋሲካው ቅቤ እየቀባሁ አኖርሁት። ዓምና ሐኪሙ «ጉልበትዎን ያንቀሳቅሱ» ቢለኝ፣ በሬን ዘግቼ ያንኑ መቋሚያ እያነሣሁ እያወረድሁ ከረምሁ። ሜዳ ላይ የከለከልሁትን እቤቴ ሠራሁት።

ሙሉቀን ልጄ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ከአሁኑ ነጠላዬን ለብሻለሁ፤ መንጋቱ ግን ዘገየብኝ። መቋሚያህን ይዤ በፍትሐትህ ላይ እቆማለሁ። ያሠለጠንሃቸው ሴቶች ሁሉ እየሰሙም ያቺን የለመንኸኝን ቃል እላታለሁ፤ አልተከለከለም። እንጀራህ በእርሷ ላይ ነበር፤ ትንፋሼን የቀበርሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህና ሂድ። ያን ቀን ግራ እግራቸው አልዘገየም ነበር።