ሐራጁን ማን ሰማ?

ባለፈው ሳምንት በዲላ ማዘጋጃ ቤት በር ሳልፍ አንድ ወጣት የሐራጅ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ለጥፎ እብስ ሲል አየሁ። ማን አነበበው፣ ማን ቀረ፣ ምን ገዶት! ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን የተናደድኩት በራሴም ነው።

በጃንሆይ ዘመን እዚያው ማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጉራዬ ለጉድ! ያኔ ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ከመሸጡ በፊት፣ ፈቃድ ያለው ሐራጅ ባይ ሦስት ገበያ ቆሞ ይለፍፍ ነበር። የእኛው ሐራጅ ባይ አቶ ካሳዬ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነበራቸው መሰላችሁ! እሳቸው ይለፍፋሉ፣ እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ «ሕዝብ ሰምቷል» ብዬ እፈርማለሁ።

አንድ የክረምት ጠዋት ወይዘሮ ሳራ የሚባሉ የኮንጋ መንደር ሴት፣ የእንሰት ቅጠል ተከናንበው፣ እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ሆነው ገቡ። የጠፋችው በቅሏቸው በሐራጅ ተሸጣ አንድ ነጋዴ ሲጭናት አይተዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ ቡናቸውን ገበያ የምታደርስላቸው እሷ ብቻ ነበረች።

«በቅሎ የኔ ነው። እኔ ሁልጊዜ ገበያ አለሁ። ሐራጅ ማን ሰማ?» አሉ በተሰባበረ አማርኛ።

አቶ ካሳዬ ቱግ አሉ። «ሦስት ገበያ ጮኼአለሁ! ጸሐፊው ይመስክር!»

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አያድርስ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግራዝማች ወልዴ ነበሩ። ሌላ ሹም ቢሆን መዝገቡን ገልጦ ሴትዮዋን በሸኘ ነበር። እሳቸው ግን አቤቱታውን በገበያ ቀን፣ እዚያው ገበያ መሃል እንደሚሰሙ ተናገሩ።

ቀኑ ደረሰ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃውና የቆጮው ሽታ ገበያውን ሞልቶታል።

«አቶ ካሳዬ፣ ያን ጊዜ እንደለፈፉት ይለፍፉ» አሉ ግራዝማች።

ለፈፉ፤ ገበያው ተናወጠ። ግራዝማች ቆጮ ወደሚሸጡት ሴቶች ዞረው «ምን አሉ?» ብለው በአስተርጓሚ ጠየቁ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ «ግብር ክፈሉ ነው መሰለኝ» አለች። ሌላዋ «ኧረ ሰው ሞቷል ነው» አለች። ገበያተኛው ሁሉ ጌዴኦ፣ ልፈፋው በአማርኛ ብቻ! ለካ ለዓመታት አንዳችን እንኳ ልብ አላልነውም።

ግራዝማች በቅሎዋን ለወይዘሮ ሳራ አስመለሱ። አቶ ካሳዬም በጌዴኦ ቋንቋ የሚለፍፍ ሰው አብሯቸው እስኪቆም ድረስ ፈቃዳቸው ተያዘ። ከዚያ ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ፣ የት ቆመህ ሰማህ?»

«አልነበርኩም፣ ግራዝማች።»

እባረራለሁ ብዬ ስጠብቅ መዝገቡን ዘረጉልኝ። «እንግዲያው እሱን ጻፍ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። በወይዘሮ ሳራ ፊት «አልሰማሁም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ነፍሳቸውን ይማር፤ ብዙ ሹም አይቻለሁ፣ እንደ እሳቸው ያለ ግን አላየሁም። ዛሬ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። በዚያ መዝገብ ስንት ገጽ እንደሞላሁ አላስታውስም፤ እውነት መጻፍ የጀመርኩት ግን የዚያን ቀን ነው።