የአያ ካሳዬ ጥሩ ክር

ባለፈው ሳምንት፣ ሮቢት በማስተምርበት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የኖረውን ቴፕ ለእንግሊዝኛ የማዳመጥ ትምህርት ላስነሣው ብዬ፣ ጥጥ በአልኮል ነክሬ የካሴቱን ክር የሚያነበውን ብረት፣ ሄዱን፣ መጥረግ ስጀምር፣ ሽታው አፍንጫዬን ቆንጠጥ አደረገኝና ያለሁበትን አስረሳኝ። ጥጡ ላይ የቀረውን ቡናማ እድፍ ሳይ ደግሞ ቆቦ፣ የድሮው ግቢያችን፣ የአያ ካሳዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ቴፕም እንደ ሰው ጆሮ አለው፤ ካላጠብሽለት ይደነቁራል» ይለኝ ነበር፣ የቤታችንን ቴፕ ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ልክ እንደሚያለቅስ ሕፃን እያባበለ።

ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች ካሴት የሚባል ነገር ስለማያውቁ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬም አመሌም ነው። በካሴት ጀርባ ላይ ጥርስ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉ። ዘፈን ተቀድቶ ሲሸጥ ጥርሶቹ ይሰበራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በላዩ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ከተለጠፉ ግን ካሴቱ ይታለልና የድሮውን እያጠፋ አዲሱን ይቀበላል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አያ ካሳዬ ከግቢያችን ጥግ ያለችውን ባለ አንድ በር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በቆቦ ፀሐይ የተጠበሰ ሰው ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ጉሮሮው ውስጥ የማሽላ ገለባ የቀረበት ይመስላል። ክራር ሲመታ ግን ግቢው ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፈው እናቴ እንኳ ቢላዋዋን ታቆም ነበር። ገና በልጅነቴ ሁሉን ነገር ለሁሉ ሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ «መምህርት» ብሎ የሰየመኝም እሱ ነው።

ቆቦ ውስጥ ሠርግ የበላ ሰው ሁሉ «የጎሊና ልጆች» የሚባለውን ባንድ ያውቀዋል። ባንዱን የመሠረተው አያ ካሳዬ መሆኑን ግን ብዙው ሰው አያውቅም፣ የሚያውቀውም ረስቶታል። እሱ ራሱ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ በአንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ የእሱ ክራር ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ከበሮ መጣ፣ ከዚያ ኪቦርድ መጣ፣ መጨረሻ ላይ ሰይፉ የሚባል ድምፀ መረዋ፣ ጥርሰ በረዶ ጎረምሳ መጣና ሌሎቹ ሁሉ የሰይፉ ጀርባ ሆነው ቀሩ። ግጥሙም ዜማውም የአያ ካሳዬ ነው፤ ጭብጨባው ግን የሚሄደው ወደ ሰይፉ ነበር። አያ ካሳዬ በዚህ አልተቀየመም። የተቀየመው፣ የራሱን አንድ ዘፈን ራሱ ልዝፈን ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጓደኞቹ በሳቅ ሲፈርሱበት ነው። «ካስሽ፣ አንተ ጻፍ፣ እሱ ይዝፈን፤ በዚህ ድምፅህ ሙሽራዋን ታስደነብርብናለህ!» አሉት። ባንዱ ኪቦርዱን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እሱ ክራሩን ይዞ ቆቦ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ለእኔ በግድግዳ በኩል የሰማኋቸው ዘፈኖች ዓመታት ናቸው። የሠርግ ዘፈን አልነበሩም። ጎሊና ወንዝ ደራሽ ሆኖ መጥቶ ሲነጋ ድንጋይ ብቻ ስለሚያስቀረው ነገር፣ ሮቢት መንገድ ዳር አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በየመስኮቱ ሥር ቲማቲም ይዛ ስለምትሮጥ ሴት፣ ከነፋስ ጋር ስለሚጣላ የማሽላ ጠባቂ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ቀስ ያሉ፣ ለማጨብጨብ የማይመቹ ነበሩ። እናቴ «ይኼ ሰውዬ የሚዘፍነው ለማን ነው?» ትል ነበር፣ ያለ ክፋት፣ የእውነት ግራ ገብቷት።

በመጨረሻ ከአባቱ የደረሰውን በሬ ሸጦ ደሴ ሄደና የራሱን ካሴት አሳተመ። አሳታሚው ርካሽ ክር እናድርግበት ሲለው እንቢ ብሎ፣ ሳይጨማደድ፣ ሳይጎተት ብዙ ዓመት የሚዘልቅ ጥሩ ክር ይሁን ብሎ ተከራክሮ እንደነበር ሲያወራን ፊቱ ያበራ ነበር። «ከእኔ በኋላም የሚሰማ ሰው አይጠፋም» አለን። ሽፋኑ ላይ በደረቀው የጎሊና አሸዋ ላይ ክራሩን አቅፎ ቆሞ ተነሥቷል። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ስለገባች የተቆጣ ይመስላል።

ካሴቶቹን መናኸሪያው ፊት ለፊት ሙዚቃ ቤት ላለው ለይማም ሰጠው። ሰው መጥቶ ሽፋኑን ያነሣና «የጎሊና ልጆች ዘፈን አለበት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የለበትም ሲባል ይመልሰዋል። ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ የአያ ካሳዬ ፎቶ በመስኮቱ ፀሐይ ነጣ፤ ካርቶኑ ግን አልጎደለም። እሱም በሙዚቃ ቤቱ በር ማለፍ ትቶ በጀርባ መንገድ መዞር ጀመረ።

ጥር ሲገባ ግን ጉድ ተሰማ። ይማም ልጅ ልኮ «ካሴቱ አልቋል፣ ሌላ ካርቶን አምጣ» አለው። ያን ቀን አያ ካሳዬ ግቢው ውስጥ እንደ ልጅ ሲዘል አየሁት። ሁለተኛውም ካርቶን አለቀ። ሸሚዙን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከቤት ሲወጣ በየሰው መስኮት ሥር ቆም ቆም እያለ ይሄዳል፤ ድምፁን እየፈለገ ነው። ማታ ሲመለስ «ዛሬም አላጋጠመኝም፤ ሰው ለብቻው ሲሆን ነው መሰለኝ የሚሰማው» አለኝ። ያን ጊዜ ትክክል መሰለኝ፤ እንዲያውም ለእናቴ አስረዳኋት።

የእኅቴ የለምለም ሠርግ በዚያው ወር ነበር። በሠርጉ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው በሽንኩርት ልጣጭና በዘመድ ተሞልቶ ሳለ፣ አያ ካሳዬ ክራሩን ለመወጠር የምትሆን ትንሽ ጅማት ሊፈልግ ብቅ አለና ጠረጴዛው ላይ የራሱን ፎቶ አየ። ለምለም ካሴቱን ከይማም ገዝታ ነበር። ቆሞ ቀረ። ከዚያ ፈገግ አለና ለመቀመጥ ዱካ ሳበ።

«ለምለሜ፣ እስኪ ክፈችው። በሰው ቤት ሆኜ ራሴን ሰምቼው አላውቅም።»

«ቆይ አያ ካሳዬ፣ ሽንኩርቱ ይለቅ…» አለች ለምለም፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። እናቴ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ያሳፍርሻል! ዘፋኙ እቤታችን እያለ!» አለ ከጎብዬ የመጣው አጎታችን ንጉሤ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ነገር የማይገባው ሰው፤ ብድግ ብሎም ቁልፉን ተጫነው።

የሰይፉ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ኪቦርዱ፣ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ያ አያ ካሳዬ በባዶው መጋዘን ውስጥ የሠራው የሠርግ ዘፈን። ሴቶቹ እልል አሉ።

«በል! ይኼ ነው ዘፈን!» አለ አጎቴ እስክስታውን እየነካካው። «ካሳዬ ወንድሜ፣ ይህን ድምፅ የት ደብቀኸው ኖረሃል?»

አያ ካሳዬ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተ፤ ፕላስተሩን ያየው ያኔ ይመስለኛል። አሁን ላስረዳ። በሠርግ ወራት ይማም ባዶ ካሴት አልቆበት ነበር። ሰው ሁሉ የጎሊና ልጆችን ቅዳልኝ እያለ ይሰለፋል። ስለዚህ የአያ ካሳዬን ካሴት ቀዳዳ እየለጠፈ፣ በላዩ ባንዱን እየቀዳ፣ ከነሽፋኑ ሸጠው። ለምለምንም «የካሳዬን ውሰጂ፣ ክሩ አንደኛ ነው፣ አይጨማደድም» ብሏት ነበር።

«ክሩ ጥሩ ነው አይደል?» አላት አያ ካሳዬ።

«ጥሩ ነው» አለች ለምለም፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ።

«እኔ ነኝ ጥሩ ክር ይሁን ያልኩ።»

ይሄዳል ብለን ስንጠብቅ አልሄደም። ተቀመጠ። ዘፈን በዘፈን ላይ ሲያልፍ፣ አጎቴ ሲጨፍር፣ እሱ የክሩን ጥቅል ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የእነሱ ከእኔ ያጥራል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ ይተርፋል። ማንም እንዳይነካው» አለኝ። ገባኝ። ድምፁ እዚያ ጭራው ላይ ሳይጠፋ አለ፤ በዚያች ትንሽ ቦታ ይሰሙኝ ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ የጠየቀው ነገር አልነበረም።

የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ቴፑ ሽሽሽ አለ። አያ ካሳዬ ከዱካው ግማሽ ተነሣ።

«አለቀ፣ አለቀ! ገልብጡት!» አለ አጎቴ፤ እኔ «ቆይ» ብዬ ሳልጨርስ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ ተጫነው፤ እንደገና ሰይፉ፣ እንደገና እልልታ።

አያ ካሳዬ ጉልበቱን አራገፈ። «በሉ እንግዲህ፣ የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» ብሎ ወጣ፤ ጅማቱንም ሳይወስድ።

በሠርጉ ዕለት ክራሩን ይዞ መጣ፤ «የሰይፉን ምታልን» አሉት፣ መታላቸው። ከዚያ ወዲያ ግን በግድግዳው በኩል ምንም ሰምቼ አላውቅም። ከዓመት በኋላ ክፍሉን ለቆ ጎብዬ ሬዲዮና ሞባይል መጠገኛ ከፈተ፤ የሰውን ነገር እያናገረ ራሱ ዝም ብሎ ኖረ። ሰይፉ በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ባንዱ አመሠራረት ሲጠየቅ «አንድ ክራር የሚመታልን ልጅ ነበር፣ ስሙ ጠፋኝ» ሲል የሰማሁት አያ ካሳዬ በሞተ በዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ ከመኪና ላይ በሞንታርቦ ያሰሙት ዘፈንም የሰይፉ ነበር። ለክብሩ ነው ያደረጉት፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከትናንት በስቲያ ካሴቱን ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ ሮቢት አመጣሁት። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጆሮው በታጠበው ቴፕ ውስጥ ከትቼ፣ የሰይፉን ዘፈኖች በሙሉ በትዕግሥት አሳለፍኩ። ሽሽሽታው መጣ። ከዚያ ያ ሻካራ ድምፅ፣ ከዘፈኑ መሐል፦

አውቶቡሱ ሄደ፣ አቧራው ቀረልሽ፣
ከቲማቲሙ ጋር እጅሽን ዘርግተሽ፤
እኔም እንዳንቺው ነኝ…

ቀጭ። ክሩ አለቀ። አልተጨማደደም፣ አልተጎተተም፤ እንዳለው ጥሩ ክር ነው።

ያቺን ዘፈን በግድግዳ በኩል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ቀጣዩ ስንኝ ግን አይመጣልኝም። ለምለምን ስልክ ደውዬ ጠየቅኋት፣ እናቴን ጠየቅኋት፣ ይማምንም ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ይማም ሳቀና «እኔ እኮ አንዴም ሰምቼው አላውቅም» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሦስቱን መሥመር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ከሦስተኛው ቀጥሎ ረጅም ሰረዝ አሰመርኩ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ ባዶ ቦታውን ሙሉ ልላቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ መልሱ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ሰሌዳውን አጠፋሁና ወደ ሌላ ትምህርት ገባን።